እስከ ቅዳሜ ድረስ በነጻ ይሰረዛል

ናይሮቢ በኖርኩባቸው ዓመታት ሙሉ ዋጋ ከፍዬ የትም ሄጄ አላውቅም። ይህን ድሮ የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አሁን ሳወራው አፌን ይመረኛል።

ሥራዬ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የአለቆቻችንን ጉዞ ማመቻቸት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አውሮፕላንና የሰው ሆቴል ስይዝ ስለምውል፣ ዋጋ መቼ እንደሚሰቀልና መቼ እንደሚወርድ የቤቴን መንገድ ያህል አውቀው ነበር። የኬንያ ሆቴሎች ለአገሩ ነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ለቱሪስት ሌላ ዋጋ አላቸው። ብዙ አበሻ ፓስፖርቱን አውጥቶ የቱሪስቱን ይከፍላል። እኔ ግን ኤሊየን ካርድ የምንላትን የውጭ ዜጋ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አድርጌ በነዋሪ ዋጋ ነበር የማድረው። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃቴ ደግሞ የራሳችን ፋሲካ ነበር። ኬንያውያን የነሱ ፋሲካ ሲደርስ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ባህር ይወርዳል፣ ዋጋውም ጣሪያ ይነካል። የኛ ፋሲካ ዘግይቶ ሲመጣ ሆቴሎቹ ባዶ ሆነዋል፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ ዋጋው ግማሽ ላይ ወርዷል። ባሕረ ሐሳብን የቀመሩት አባቶች እኔን አስበው የቀመሩት ይመስለኝ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ስይዝ ሁልጊዜ የሚሰረዘውን ነበር የምመርጠው። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ከያዝኩ በኋላ ዋጋውን በየቀኑ አየዋለሁ፣ ወረድ ካለ የድሮውን አሰርዤ በአዲሱ ዋጋ አሲዛለሁ። አንዴ አንዱን ክፍል አራት ጊዜ ሰርዤ አራት ጊዜ ይዤዋለሁ። ሆቴሉ ስደርስ እንግዳ ተቀባዩ ወረቀቴን አገላብጦ አይቶ በሳቅ ሞተ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ክሬዲት ካርድ ነበር። በዚያን ጊዜ ባንክ ለእኔ ቢጤ የሚሰጠው ከማሽን ገንዘብ ማውጫዋን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አትሠራም። ስለዚህ ናይሮቢ እንዳለ እንደ ብዙው አበሻ እኔም የካርድ ሰው ነበረኝ። የእኔ የካርድ ሰው ሩንዳ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር የሚኖር፣ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝ ያገሬ ልጅ ነው። እኔ መርጬ እነግረዋለሁ፣ ጥሬ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ እሰጠዋለሁ፣ እሱ በካርዱ ይይዝልኛል። ደረሰኝ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ናይሮቢ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ሲጥለኝ፣ በቅጡ ሳያውቀኝ ሆስፒታል ወስዶ አስተኝቶኝ ሁለት ሌሊት አጠገቤ ወንበር ላይ ያደረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ እለዋለሁ።

የእናቴ ልጅ የሆነ ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ አለኝ። እሱ ሲወለድ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሕፃኑ እስኪጠና ተብዬ ናዝሬት አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ሕፃኑ ጠና፣ አደገ፣ ጢም አወጣ፤ እኔ አልተመለስኩም። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ አብልታ አስተምራኛለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን ለብቻችን ሆነን አናውቅም። ለበዓል ስሄድ እሱ አለ፣ በስልክ ስናወራ ወሬው እሱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ የራሴን ቤት ተከራይቼ እየኖርኩ፣ ይህ ነገር እንደ ልጅ ያስለቅሰኝ ነበር። አላፍርበትም።

ያ ወንድሜ ሥራ ያዘ ሲባል ይለቃል። ለኮምፒውተር ትምህርት ብዬ ላክሁለት፣ አልተማረም። ለፎቶ ኮፒ ማሽን ላክሁለት፤ ማሽኑን እስከ ዛሬ በዓይኑ ያየው ሰው የለም። በመጨረሻ ለእናቴ በስልክ፣ "ከእንግዲህ ለእሱ ከእኔ ኪስ ሰባራ ሳንቲም ቢወጣ እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም" ብዬ ማልኩ። እናቴ አልተከራከረችኝም።

እንግዲህ ይቺ እናቴ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ልትጠይቀኝ ናይሮቢ መጣች። ገና ሳትመጣ ነው ያሰብኩት። ባህር አይታ አታውቅም፤ እኔም እሷን ለብቻዬ አግኝቻት አላውቅም፤ ቤቴ ብትሰነብትም ቀኑን ቢሮ ነው የምውለው። በዚያ ዓመት የኛ ፋሲካ ከነሱ በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ነበር የሚውለው። ዲያኒ፣ ከሞምባሳ በጀልባ ተሻግረው የሚደርሱበት ዳርቻ፣ ለሁለት ሰው፣ ለሦስት ሌሊት፣ ቁርስና እራት ጨምሮ፣ ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ጀምሮ መረጥኩ። እናቴ ቱሪስት ነች ቢሉኝ ከሆቴሉ ጋር ግማሽ ቀን በስልክ ተከራክሬ እሷንም በነዋሪ ዋጋ አስገባኋት። ለዚህ ጉዞ ስል አምስት ወር ምሳዬን ከቤት ቋጥሬ በልቻለሁ፤ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ትቼ በእግሬ ቢሮ የሄድኩባቸው ቀናትም ብዙ ናቸው። ፖስታውን ለጓደኛዬ ስሰጠው፣ "አደራ፣ ይኼ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። በዚያው ዕለት ያዘልኝ።

ማረጋገጫውን ለእናቴ ያሳየኋት አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ማንበብ ስለማትወድ የሆቴሉን ፎቶ እያሳየሁ አስረዳኋት። ብልሃቴን መደበቅ አልችልም፤ ሰው ጎበዝ እንዲለኝ እፈልጋለሁ።

"እማዬ፣ የዚህ ነገር ጥበቡ ምን መሰለሽ? ዝናቡ ቢብስ፣ አንቺን ቢያምሽ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ በነጻ ይሰረዛል። ገንዘቡ ይመለሳል።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን! አንድ ሽልንግ አይቆርጡም።"

"ማነው የሚሰርዘው?"

"ካርዱ የጓደኛዬ አይደል፣ እሱ ነዋ።"

ትንሽ አሰበችና ራሴን ዳበሰችኝ። "ጎበዝ ነሽ" አለችኝ። ከእናቴ አፍ ይቺን ቃል የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ እንኳ እያስታወስኳት ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

የኛ ስቅለት ዕለት ኬንያ የሥራ ቀን ነው። እኔ ፈቃድ አላገኘሁም። ጓደኛዬ ከመሥሪያ ቤቱ ቀኑን አስፈቅዶ እናቴን በመኪናው ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መለሳት፤ ከስግደቱ ብዛት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃውን ደግፎ ነው ያወጣት። ግባ ብለው እምቢ አለ። ፊቴን ሳያይ፣ "ልሂድ፣ ደክሞኛል" ብሎ ከበሩ ተመለሰ። ጾሙ ነው ብዬ ተውኩት።

ፋሲካን ደስ ብሎን ዋልን። ከሰልባጅ ገበያ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ገዝቼላት ነበር። መስታወት ፊት አድርጋው፣ "የፈረንጅ አሮጊት መሰልኩ" ብላ እስኪያማት ሳቀች። ሻንጣችንን አንድ ላይ አዘጋጀሁ፣ የእሷን ልብስ ከታች የእኔን ከላይ። ከምሳ በኋላ የሆቴሉን ወረቀት ላሳትም ከቤቴ በታች ወዳለው፣ ሳይበር ወደሚሉት ኢንተርኔት ቤት ወረድኩ።

ቁጥሩን አስገባሁ። በቀይ ጽሑፍ፣ ተሰርዟል ይላል። በእንግዳው ጥያቄ፣ ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። ተሳስቼ ነው ብዬ ቁጥሩን ደግሜ አስገባሁ። ሦስተኛ ጊዜም አስገባሁ። ሳይበሩን የምትጠብቀው ሴትዮ ፊቴን አይታ ቀስ ብላ፣ "ፖሌ፣ ማዳም" አለችኝ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏት እያጽናናችኝ ነው። ሆቴሉ ደወልኩ። ባዶ ክፍል ሞልቷል፣ ይምጡ አሉኝ። እጄ ላይ የቀረው ግን የአውቶቡሱ መሳፈሪያ ብቻ ነበር።

ለጓደኛዬ ደውዬ "ና" ብቻ አልኩት። መጣ። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እሱ እንደ ቆመ ነው የጠየቅኩት።

"አዎ" አለ። "ካንስል ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቸግሮኝ።"

"አንተን? ሩንዳ እየኖርክ ምን ይቸግርሃል?"

"ቸግሮኝ ነው አልኩሽ። እመልስልሻለሁ።"

ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱን ግን ልጻፈው፣ እስከ ዛሬ ስለሚያሳፍረኝ። "በሽተኛ አጠገብ ወንበር ላይ የምታድረውም ኪስ ልትፈትሽ ነበር ለካ!" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። እኔን ሳይሆን እናቴን አየ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

"ተይው ልጄ" አለችኝ። "በዓመት በዓል ሰው አይሰደብም።"

"አንቺ ዝም በይ፣ እማዬ! የሰረቀው እኮ አንቺን ነው!"

እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና ወጣ። ዓይን አውጣ ብዬ በሩን ጠረቀምኩበት።

ባህሩ ዳር ልናሳልፋቸው የነበሩትን ሦስት ቀናት ኪሌሌሽዋ፣ ቤቴ መስኮት ሥር፣ ዝናብ እያየን አሳለፍናቸው። እኔ ስነጫነጭ እሷ ታባብለኛለች። "ባህር ምን ያደርግልኛል? ውሃ አይደል? አንቺን ካየሁ በቃኝ" ትለኛለች። እንዴት እንዳጽናናችኝ! ክህደቱን ሁሉ በጓደኛዬ ላይ ጭኜ፣ እናቴ እኔን ይበልጥ የወደደችኝ መስሎኝ በሐዘኔ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። የእጅ ቦርሳዋን ልያዝልሽ ብላት ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ቀረች።

ጓደኛዬ ከግቢያችን ዘበኛ ጋር ፖስታ አስቀመጠልኝ። ሳልከፍተው መለስኩለት። ለማውቀው አበሻ ሁሉ ሌባ ነው ብዬ አወራሁ። ሁለት ሰዎች ቤቱ መሄድ አቁመው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

እናቴ ከሄደች ወር ሳይሞላ የአዲስ አበባው ወንድሜ ደወለ። በራሱ ሂሳብ ደውሎልኝ ስለማያውቅ ደነገጥኩ። ድምፁ ግን የደስታ ነበር።

"እህቴ፣ የፑል መጫወቻ ጠረጴዛ ገዛሁ እኮ! ግቢያችን ውስጥ ተከልኩት። እማዬ ናት፣ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን አውጥታ ሰጠችኝ።"

"እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት።

"ግን አንድ ነገር ግርም ብሎኛል። ለምንድነው በኬንያ ሽልንግ ያጠራቀመችው? ጥቁር ገበያ ስመነዝረው ቆራርጠው ጨረሱኝ።"

"ስንት ነበር?" አልኩት። ነገረኝ። ያንን ቁጥር ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳየው ነበር፤ ለሁለት ሰው፣ ለሦስት ሌሊት፣ ቁርስና እራት ጨምሮ።

ሩንዳ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ጓደኛዬ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ እንዳወቅኩ ገባው። ተቀመጥን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ አድርጌልሻለሁ አለኝ፤ ከልቡም ነበር። ከዚያ ነገረኝ። እናቴ ከመጨረሻው ስግደት ተነስታ፣ ግንባሯ አቧራ እንደያዘ እጁን ይዛ፣ "ልጄ፣ ያ ልጅ ሊጠፋብኝ ነው። እሷ ምላለች፣ ብጠይቃት አትሰጠኝም። ዛሬ የተሰቀለውን አስበህ ይቺን ሆቴል ሰርዝልኝና ገንዘቡን ስጠኝ" ብላዋለች።

"እምቢ አትላትም ነበር?"

"እናት ናት። በስቅለት ቀን ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ስትል ምን ልበላት?"

"የኔ እናት ናት እኮ! ገንዘቡም የኔ ነው!"

"አደራ አለችኝ። እንዳትሰማ አለችኝ።"

"እኔስ? እኔ ፖስታውን ስሰጥህ ምን ብዬህ ነበር?"

ጎንበስ አለ። "አደራ ብለሽኝ ነበር" አለ።

ሁለት አደራ እጁ ላይ ወደቀ፤ የእኔን ጣለ። ይኸው ነው። ሌባ አለመሆኑ ታማኝ አያደርገውም፤ እኔም እስከ ዛሬ ልቤ አልተመለሰለትም። ስለ እሱ ያወራሁትን ግን ቤት ለቤት ዞሬ፣ ተሳስቼ ነው እያልኩ አስተካክያለሁ። እንግዲህ ማን ሰረዘው ሲሉኝ፣ እኔው ራሴ እላቸው ነበር። የእናቴን ጉድ ለሰው አላወራሁም።

እሷን ግን በልቤ ስንት ጊዜ ከሰስኳት! ገንዘቡ አይደለም ያቃጠለኝ። ለገንዘቡማ ብታለቅስብኝ፣ ብትቆጣኝ፣ መሐላዬን አፍርሼም እሰጣት ይሆናል። ሦስት ቀን ከእኔ ጋር፣ ወይስ ፑል ለእሱ? ይቺን ለመምረጥ የፈጀባት ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ነው። የምትሰርዝበትን ቀን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። "ሙሉውን?" ስትለኝ በብልሃቴ የተደነቀች መስሎኝ ነበር። ያቺ "ጎበዝ ነሽ" የተባልኳትም የዚያች ትምህርቴ ዋጋ ነበረች።

በዓመቱ የራሴን ክሬዲት ካርድ አገኘሁ። ፋሲካ ሲደርስ ያንኑ ሆቴል ፈለግኩት፣ ለአንድ ሰው። ቢሰረዝ ገንዘብ አይመለስም የሚለውን ተጫንኩ። ርካሹም እሱ ነው።

ዲያኒ ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃው ርቆ ይሸሻል። የባህሩ ወለል ይገለጣል፤ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ እየተራመደ ሩቅ ድረስ ይሄዳል። ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል፣ የተረገጠውን ሁሉ ያለብሰዋል። የእናቴን ባርኔጣ አድርጌ ሄድኩ። ሣሩ የእሷን ቅባት ይሸታል። ዝናቡ ሲመጣ አልሸሸሁም፤ ውሃው መሃል ቆሜ አለቀስኩ፣ ማን ያየኛል። ለእሷ ለመንገር ግን ሁሉንም ነገር በዓይኔ ሰብስቤ ነበር የተመለስኩት። ቀለሙን፣ ድምፁን፣ ጨው መሆኑን፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቁትን ትንንሽ ሸርጣኖች።

በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ገባሁ። ፑሉ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ጨርቁ አንድ ማዕዘን ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል። ወንድሜ እያዞረ አሳየኝ። "እማዬ በራሷ ገንዘብ" ይላል ደጋግሞ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አትንገሪው የሚል ዓይን አውቃለሁ። "ያምራል" አልኩ።

እሱ ሲወጣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችኝም፤ እንዳወቅኩ ግን ታውቃለች። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቦታ ይቺ ነበረች። እጄን ያዘችና፣ ተረት እንደሚጠብቅ ልጅ ፊቷን አቅርባ፣ "ለመሆኑ ያንን ባህር ሄደሽ አየሽው?" አለችኝ።

ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር።

"አይ፣ አልሄድኩም" አልኳት።

"ምነው?"

"ዋጋው አልወርድ ብሎኝ።"

ራሴን ዳበሰችኝ። "ጎበዝ ነሽ" አለችኝ።